ስለ ቦብቴይል ስኩዊድ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቻችሁ ቦብቴይል ስኩዊድ ስለሚባለው፣ ሰውነቱ ለስላሳ ክንዶቹም ብዙ ስለሆኑ ትንሽ የባሕር እንስሳ ጠባይና አኗኗር ናቸው። በብዛት የማወራው ስለ ሃዋዩ ዝርያ ነው፤ በደንብ የተጠናው እሱ ነውና።

ጥያቄ፦ ቀን ቀን የት ነው የሚውለው?

መልስ፦ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ። ሰውነቱ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ መደበቅ አይከብደውም። በክንዶቹ አሸዋ ይነሰንስበታል፤ ቆዳው የሚያጣብቅ ፈሳሽ ስላለው አሸዋው እንደ ካባ ይለጠፍበታል። አደጋ ከመጣ ካባውን ባንዴ ጥሎ ይፈተለካል።

ጥያቄ፦ ማታ ሲያድን ያበራል ይባላል። ለጠላት አያጋልጠውም?

መልስ፦ እንዲያውም ይሰውረዋል። ብርሃኑ የሚወጣው ከሆዱ ወደ ታች ነው። ከሥር ሽቅብ የሚያይ ዓሣ፣ የጨረቃን ብርሃን የጋረደ ጥላ ማየት ነበረበት። ስኩዊዱ ግን ብርሃኑን ከላይ ከሚመጣው ጋር ያመጣጥናል፤ ጥላው ይጠፋል። የብርሃኑን መጠን ለመቀነስ የቀለም ከረጢቱን (ጥቁር ፈሳሽ የሚይዝበትን) ይጋርድበታል።

የሚገርመው፣ ብርሃኑ የራሱ አይደለም። ቪብሪዮ ፊሸሪ የሚባል ባክቴሪያ ነው የሚያበራለት። ሲፈለፈል ባክቴሪያው የለውም፤ በሰዓታት ውስጥ ከባሕሩ ውሃ ይለቅመዋል። ከዚያ በኋላ በየንጋቱ 95 በመቶ ያህሉን ያስወጣል። የቀረው ባክቴሪያ ቀኑን ሲራባ ውሎ ለማታ ይደርሳል። የተጣለውም ከንቱ አይቀርም፤ ለአዲስ ተፈልፋዮች ውሃው ውስጥ ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ ባክቴሪያውን ካላገኘ ይሞታል?

መልስ፦ ቤተ ሙከራ ውስጥ አይሞትም። ተመራማሪዎች የሚወዱትም ለዚህ ነው፤ ባክቴሪያ ያለውንና የሌለውን ጎን ለጎን ያስተያያሉ። ባክቴሪያ የሌለው ስኩዊድ፣ የብርሃን አካሉ (ባክቴሪያው የሚኖርበት ክፍል) በወጉ አያድግም።

ጥያቄ፦ ጠፈር ሄዷል የሚሉት እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ናሳ ልኮታል። ስበት ሲጠፋ የእንስሳና የጠቃሚ ባክቴሪያ ግንኙነት ይለወጥ እንደሆነ ለማየት ነበር።

ጥያቄ፦ ስለ ርቢያቸውስ?

መልስ፦ በደቡብ አውስትራሊያ ባሕር ያለው ዘመዱ እስከ 3 ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ ይጣመራል! ከዚያ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል የመዋኘት አቅሙ ይደክማል። ለጠላት ምቹ ጊዜ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ጥናት ልጀምር ነው፤ ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ገንዳው አሸዋ ይኑረው፤ ባዶ ገንዳ ውስጥ በታየ ጠባይ እምነት የለኝም። የቀንና የሌሊቱን ዑደት አታዛባ። ማታ ስትከታተል ደብዘዝ ያለ ቀይ መብራት ተጠቀም፤ ዓይናቸው ቀይን እምብዛም አይለይም። ዋናው ራስ ምታት ግን ጫጩቶቹን ማሳደግ ነው። የሚንቀሳቀስ ሕያው ምግብ ካልሆነ አይነኩም፤ ስለዚህ ከእንቁላሉ በፊት የምግቡን ምንጭ አመቻች።