ከዜሮ በታች ሆኖ ሳለ ዜሮ የሚያሳየው ፕሮግራም

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ሳቢያን የሥጋ ማቀዝቀዣ ክፍል ሙቀት የሚመዘግብ ፕሮግራም በሲ ቋንቋ ጽፌያለሁ። ንባቦቹ ከ-20 እስከ -16 ዲግሪ ሆነው ሳለ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ሁልጊዜ 0.000000 ይላል። ከፍተኛውን ለመፈለግ የማወዳድርበትን መነሻ ቁጥር ዲቢኤል_ሚን የሚባለው የሲ ቋሚ ቁጥር አድርጌዋለሁ። የጎደለ ንባብ ሲኖር ናን («ቁጥር አይደለም» የሚል ልዩ ዋጋ) ብዬ ስለምሞላ አማካዩም አንዳንድ ቀን ናን ይሆናል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሴንሰሩን አትንካው፤ ጤነኛ ነው። ጥፋቱ ያለው መነሻው ላይ ነው። ኢንት_ሚን ኢንት የተባለው የድፍን ቁጥር ዓይነት ከሚይዛቸው ሁሉ ዝቅተኛው ስለሆነ ዲቢኤል_ሚንም እንደዚያው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዲቢኤል_ሚን ግን ደብል (ነጥብ ያላቸውን ቁጥሮች የሚይዘው ዓይነት) ትክክለኛነቱን ሳያጎድል የሚይዘው ትንሹ ፖዘቲቭ ቁጥር ነው፤ ከነጥብ በኋላ 307 ዜሮ ተደርድሮ ከዚያ 22 የሚል። ኢምንት ቢሆንም ከዜሮ በላይ ነውና -16 በምንም መንገድ አይበልጠውም። ፐርሰንት ኤፍ የሚባለው የማተሚያ ቅርጽ ከነጥብ በኋላ ስድስት አሃዝ ብቻ ስለሚያትም ዜሮ መሰለህ፤ በፐርሰንት ኢ ብታትመው ማንነቱ ይወጣል።

መነሻውን ነጌቲቭ ኢንፊኒቲ፣ ማለትም ከማንኛውም ቁጥር የሚያንሰውን ዋጋ፣ አድርገው። ከ1999 የሲ ስታንዳርድ ጀምሮ ኢንፊኒቲ ማዝ ዶት ኤች በሚባለው የሲ የሒሳብ ፋይል ውስጥ አለ። የዲቢኤል_ማክስ (ደብል የሚይዘው ትልቁ ቁጥር) ነጌቲቭም ይሠራል፤ እኔ ግን ኢንፊኒቲን እመርጣለሁ። መብራት ጠፍቶ ቀኑን ሙሉ አንድም ንባብ ካልተገኘ ውጤቱ ነጌቲቭ ኢንፊኒቲ እንደሆነ ይቀራል። በድሬዳዋ ሙቀት ሥጋ የሚጠብቅ ሰው የውሸት ቁጥር ከሚያይ ይህን ቢያይ ይሻለዋል። «የመጀመሪያውን ንባብ መነሻ አድርገው» የሚሉህ ካሉ ተጠንቀቅ፤ ያ ንባብ ናን ከሆነ ከእሱ ጋር የሚደረግ የይበልጣል ንጽጽር ሁሉ ሐሰት ስለሚሆን እስከ ማታ ከዚያ አይነቃነቅም።

የጎደለውን በናን መሙላትህ ጥሩ ነው፤ በዜሮ ብትሞላው አማካዩ በዝምታ ይዛባ ነበር። ነገር ግን ናን ከራሱም ጋር እኩል ስለማይሆን በእኩል ምልክት አትፈልገው፤ ናን መሆኑን በሚፈትሸው ኢዝናን ፈትሸህ ዝለለው። ሳትዘለው ከደመርከው ድምሩን በሙሉ ናን ያደርገዋል። ስታካፍልም ለጠቅላላው ሳይሆን ለተገኙት ንባቦች ብዛት ብቻ አካፍል፤ ብዛቱ ዜሮ ከሆነ ማካፈሉን ተወው።

በጂሲሲ ኮምፓይለር (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ በሚቀይረው ፕሮግራም) የምትሠራ ከሆነ ስሌትን የሚያፈጥነውን ፋስት-ማዝ የሚለውን አማራጭ አውጣው። ኮምፓይለሩ ናንም ኢንፊኒቲም የለም ብሎ እንዲያስብ ስለሚፈቅድ ኢዝናን ያልከውን መስመር ሊሰርዘው ይችላል።