ልጅሽም አማትሽም ያንኑ አጥንት ቢሰብሩም ምክንያቱ ለየቅል ነው

እህቴ፣ በመጀመሪያ ሁለቱንም እግዜር ይማርልሽ። የስምንት ዓመት ልጅሽ ከአልጋ ወድቆ፣ አማትሽ ደግሞ መታጠቢያ ቤት አዳልጧቸው፣ ሁለቱም ከደረት እስከ ትከሻ የተጋደመውን አጥንት ሰበሩ። “በባለቤቴ ዘር የመጣ ነው ወይ? ወንዶች ላይ ይበዛል የሚባለውስ?” ብለሽ ጠይቀሻል። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ይሄ ስብራት ያለባቸውን ሰዎች በየጊዜው አያለሁ።

የዘር ጉዳይ አይመስለኝም። ክንድን ከደረት ጋር የሚያገናኘው አጥንት ይሄ ብቻ ስለሆነ ሰው በትከሻው ሲወድቅ የአወዳደቁ ኃይል በሙሉ እሱ ላይ ያርፋል። ብዙ ሰው እጅን ዘርግቶ ሲወድቁ የሚመጣ ይመስለዋል፤ አብዛኛው ግን በቀጥታ ትከሻው ያረፈበት ነው። ከ10 ስብራት 8ቱ ገደማ መሃሉ ላይ ነው፣ ቀጭኑ ቦታ እሱ ነዋ።

ሲወለዱም የሚሰበርባቸው አሉ፤ በተለይ ሕፃኑ ትልቅ ሆኖ ትከሻው ሲያዝ። እናት ልጇ አንድ እጁን እንደማያንቀሳቅስ ታያለች፣ ወይም ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ጓጎል ያለ ነገር ዳስሳ ትደነግጣለች። ያ እብጠት አጥንቱ እየገጠመ ነው ማለት ነው። ስለ አንቺ ልጅም አትጨነቂ፤ የልጅ አጥንት እንደ እርጥብ ቅርንጫፍ ጎብጦ በአንድ ጎኑ ይሰነጠቃል እንጂ ብዙ ጊዜ ለሁለት አይከፈልም። እጁ በጨርቅ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ይገጥማል።

ወንዶች ላይ መብዛቱ እውነት ነው፣ ከሴቶች ከእጥፍ በላይ። አጥንታቸው ደክሞ አይደለም። ሞተር፣ ሳይክል፣ ኳስ ነው ነገሩ። ብስክሌተኛው ማርክ ካቨንዲሽ እ.ኤ.አ. በ2023 ከቱር ደ ፍራንስ የብስክሌት ውድድር የወጣው በዚሁ ስብራት ነው። ከሞተር የወደቀ ወጣት ሲመጣ ገና ከበሩ ታውቂዋለሽ፦ የተጎዳውን ክንድ በደህና እጁ ደግፎ፣ አንገቱን ወደተሰበረው በኩል አዘንብሎ ነው የሚገባው፣ አንዳንዴም የአጥንቱ ጫፍ ቆዳውን ከስር ወጥሮት ይታያል። እባካችሁ እንዲህ ያለውን ሰው ወጌሻ ጋ ወስዳችሁ አታሳሹ! ከአጥንቱ ስር ትልልቅ የደም ሥሮች፣ የክንድ ነርቮችና የሳንባ ጫፍ አሉ። እጁ ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ትንፋሽ ካጠረው አንድ ደቂቃ አትቆዩ።

እኔን ያሳሰቡኝ አማትሽ ናቸው። ሴቶች የወር አበባ ከቆመ በኋላ አጥንታቸው ቶሎ ይሳሳል፤ ስለዚህ በዕድሜ ከገፉት መካከል በቀላል አወዳደቅ የሚሰበረው ይበልጥ ሴቶች ላይ ነው። ከቁመታቸው ወድቀው ከተሰበሩ “አዳልጧቸው ነው” ተብሎ መታለፍ የለበትም፣ ቀጥሎ የሚሰበረው ዳሌ ሊሆን ይችላልና። የአጥንት ጥንካሬ ምርመራ እንዲታዘዝላቸው ሐኪማቸውን ጠይቂ። የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ይዘሽ ሂጂ፤ የደም ግፊት ወይም የእንቅልፍ ኪኒን አዙሯቸው ሊሆን ይችላል። ከመውደቃቸው በፊት ዞሮባቸው ነበር ወይስ እግራቸው ነው የከዳቸው? እሱን ጠይቂያቸውና እዚሁ ጻፊልኝ።