ቤትዎን ከማስያዝዎ በፊት፦ ስለ ልጃቸው የበረራ ትምህርት ክፍያ ለጠየቁን አባት

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ልጅዎ አብራሪ ለመሆን ቆርጣ ተነሥታለች። ያገኘችው ትምህርት ቤት የሥልጠናውን ሙሉ ክፍያ አስቀድሞ ለሚከፍል ቅናሽ አደርጋለሁ ብሏል። እርስዎም ቤትዎን አስይዘው ለመበደር እያሰቡ «ገንዘቡ ይመለሳል ወይ? ስትመረቅስ ሥራ ታገኛለች ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። እኔ ለዓመታት የበረራ አስተማሪ ነበርኩ፤ አሁን የመንገደኞች አውሮፕላን አበርራለሁ። መልሴን ላስቀድም፦ ልጅዎን አይከልክሏት፤ ሙሉውን ክፍያ ግን ቅናሹ የቱንም ያህል ቢያጓጓ በአንድ ጊዜ አይክፈሉ።

ከገንዘቡ በፊት ሕክምናው ይቅደም። በሙያው ለመሥራት አንደኛ ክፍል የሚባለው የአብራሪ የሕክምና ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፤ የሚሰጠውም የአቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ባለው ሐኪም ነው። ዓይን፣ ጆሮ፣ ልብና ያለፈ የሕመም ታሪክ ሁሉ ይታያል። መነጽር ማድረግ በራሱ አይከለክልም፤ በመነጽር የሚበሩ ባልደረቦች ሞልተውኛል። ሰው ሳያውቀው የሚኖረው ችግር ቀለም አለመለየት ነው። ሐኪሙ በነጠብጣብ የተሞሉ ክብ ሥዕሎችን አንድ በአንድ እየገለጠ በውስጣቸው የተሸሸገውን ቁጥር አንብቢ ይላታል፤ ቀይና አረንጓዴ የሚምታታበት ሰው ሌላው ወዲያው የሚያነበውን ቁጥር ጨርሶ አያየውም። ይህ ችግር በሴቶች ላይ ከወንዶች ይልቅ እጅግ ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ትመርመር። የምርመራው ወጪ ከሥልጠናው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው፤ ውጤቱ ሳይታወቅ ግን ለማንም ቀብድ አይስጡ። ወረቀቱ ዕድሜያቸው ከ40 በታች ለሆኑ አብራሪዎች በየ12 ወሩ የሚታደስ መሆኑንም ልብ ይበሉ። ሕመም ፈቃዷን ቢያሳጣት ብድሩ አብሮ አይሰረዝምና፣ ለዚህ የሚሆን ኢንሹራንስ ካለ ከብድሩ ጋር አብረው ያስቡበት።

አሁን ወደ ቅናሹ ልምጣ። በአንድ ወቅት ያስተማርኩበት ትምህርት ቤት አንድ ቀን ጠዋት በሩ ተዘግቶ ቆየን። አውሮፕላኖቹ አብዛኞቹ የኪራይ ነበሩ፤ ባለቤቶቻቸው መጥተው እያስነሡ ወሰዷቸው። ሙሉውን የከፈሉ ተማሪዎች ከባንኩና ከሌሎች አበዳሪዎች ጀርባ ተሰልፈው ቀሩ፤ ከመካከላቸው አንዲቷ ለንግድ አብራሪነት ፈቃድ (በክፍያ ለማብረር የሚያስችለው ፈቃድ) ፈተና ጥቂት በረራ ብቻ ነበር የቀራት። በየደረጃው የሚከፍሉት ልጆች የቀራቸውን ገንዘብ ይዘው ሌላ ትምህርት ቤት ገቡ። ይህን ሳስብ አሁንም ያበሳጨኛል። እንዲህ ያለ መዘጋት በዚህ ሙያ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የትምህርት ቤት ትርፍ ቀጭን ነው፣ አውሮፕላንና ነዳጅ ውድ ናቸው፣ አንዳንዱም የአዲሱን ተማሪ ቅድመ ክፍያ ለነባሩ ተማሪ ነዳጅ ያውለዋል። ስለዚህ ክፍያው በደረጃ ይከፈል፤ አንዱ ምዕራፍ ሳያልቅ የሚቀጥለው አይከፈል። ያልተበረረ ሰዓት እንዴትና በስንት ቀን ውስጥ እንደሚመለስም በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ። ይህን በጽሑፍ ለማስፈር የሚያቅማማ ትምህርት ቤት ምን እንዳሰበ አስቀድሞ ነግሮዎታል።

የተነገረዎትን ዋጋ ደግሞ በጥርጣሬ ይመልከቱት። በማስታወቂያ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ በሕግ በተቀመጠው አነስተኛ ሰዓት ላይ የተሰላ ነው። ለምሳሌ ለግል አብራሪነት ፈቃድ በአሜሪካ ሕግ ቢያንስ 40፣ በአውሮፓ 45 የበረራ ሰዓት ይጠየቃል። በዚያ የሚጨርስ ተማሪ ግን ጥቂት ነው፤ 60 እና 70 ሰዓት መፍጀት የተለመደ ነው፤ የስንፍናም ምልክት አይደለም። ሰዓቱ የሚቆጠርበትንም መንገድ ይጠይቁ። በብዙ ቦታ ቆጣሪው መሥራት የሚጀምረው ሞተሩ ሲነሣ ነው። ተማሪዋ ከመንደርደሪያው ጫፍ ላይ ቆማ ሦስት አውሮፕላኖች እስኪያርፉ ስትጠብቅ፣ መንኮራኩሩ አንድ ስንዝር ሳይንቀሳቀስ፣ የዳሽቦርዱ ትንሽ ቆጣሪ ቁጥሩን እየቀየረ ክፍያዋን ይቆጥራል። ሥራ የሚበዛበት አውሮፕላን ማረፊያ ለልምድ ጥሩ ነው፤ ለኪስ ግን ከባድ ነው። በዚህ ላይ የፈታኝ ክፍያ፣ የድጋሚ ፈተና፣ የማረፊያ ክፍያ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ መጻሕፍት፣ ቤት ኪራይና ቀለብ ይጨመራሉ። እኔ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ከተነገረው ዋጋ በላይ ቢያንስ ሩቡን ያህል መጠባበቂያ ያዝ እላለሁ።

እርስዎ ያልጠየቁት፣ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የማሳስብዎ ነገር ሥልጠናው ሳይቋረጥ መቀጠሉ ነው። ገንዘብ አልቆበት ተቋርጦ የተመለሰ ተማሪ ያንኑ ትምህርት ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ማረፍን ብቻ እንመልከት። አውሮፕላኗ ወደ መሬት ስትቀርብ አፍንጫዋን ቀስ አድርጎ ማንሣትና ፍጥነቷ ሲሞት በዋና መንኮራኩሮቿ እንድትነካ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህ በእጅና በዓይን የሚያዝ ነገር ነው፤ በሳምንት ሦስትና አራት ጊዜ የሚበር ተማሪ ይዞት ይቆያል። ወራት ቆይቶ የመጣው ግን ወይ ቀድሞ ያነሣና ከመሬት በላይ ተንሳፍፎ ይቀራል፣ ወይ ዘግይቶ በፊት መንኮራኩሩ ይመታል፤ እንደገና ከሀ እንጀምራለን። ስለዚህ ግማሹን ገንዘብ ይዛ ከምትጀምር አንድ ዓመት ሠርታ፣ አጠራቅማ፣ የጀመረችውን ደረጃ ሳታቋርጥ መጨረስ በምትችልበት ጊዜ ትግባ። እስከዚያው የንድፈ ሐሳቡን ትምህርት ታጥና፤ የአየር ጠባይ፣ የአቅጣጫ ስሌት፣ የአየር ሕግ ቤት ተቀምጦ ሊያዝ ይችላል። በአውሮፓ ሥርዓት ለአየር መንገድ አብራሪነት የሚሰጠው የጽሑፍ ፈተና 13 ትምህርቶች አሉት፣ ማለፊያውም ከመቶ 75 ነው፤ ገና መብረር ሳትጀምር የምታነበው ሁሉ በኋላ የሚባክን ሰዓት ያተርፍላታል።

ደረጃ በደረጃ መማርና ሁሉንም በአንድ ጥቅል መማር የቱ ይሻላል የሚለው በቤተሰቡ አቅም የሚወሰን ነው። ጥቅሉ ፈጣንና ሥርዓት ያለው ነው። እርስዎ ባሉበት ሁኔታ ግን እኔ ደረጃ በደረጃውን እመርጣለሁ፤ የግል ፈቃዷን ስታገኝ ቆም ብላችሁ ሒሳቡንም ፍላጎቷንም መመርመር ትችላላችሁ።

«ሥራ ታገኛለች ወይ?» ላሉት እውነቱን ልንገርዎ። የንግድ አብራሪነት ፈቃድ ስትይዝ በመዝገቧ ላይ የሚኖረው ከ200 ሰዓት ብዙም የማይርቅ ነው፤ ብዙ አሠሪ ደግሞ ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 በኒው ዮርክ ግዛት ቡፋሎ ከተማ አጠገብ ከደረሰው የመንገደኞች አውሮፕላን አደጋ በኋላ በወጣው ሕግ፣ ከ2013 ጀምሮ የአየር መንገድ ረዳት አብራሪ በመደበኛው 1,500 ሰዓት ሊኖረው ይገባል፤ ከጦር ኃይልና ለዚሁ ዕውቅና ከተሰጣቸው ዩኒቨርሲቲዎች ለሚመጡ ይቀነሳል። በሌሎች አገሮች በጥቂት ሰዓት የሚቀጥሩ አየር መንገዶች አሉ፤ እነሱም በራሳቸው ፈተና አጥብቀው ያጣራሉ፣ የአውሮፕላኑን ዓይነት ሥልጠናም (አንድን የተወሰነ የአውሮፕላን ዓይነት ለማብረር የሚሰጠውን ሥልጠና) አንዳንዴ በተቀጣሪው ወጪ ያደርጋሉ። ይህ ሥልጠና ራሱን የቻለ ትልቅ ወጪ ስለሆነ ከወዲሁ በሒሳብዎ ይግባ። የቅጥር ተስፋ በእጅ ሳይኖር ይህን የአውሮፕላን ዓይነት ሥልጠና በራስ ገንዘብ ገብቶ መማርን ግን አልመክርም፤ ሳይበሩበት የቆየ ብቃት ዋጋው ይወርዳልና።

ያንን ክፍተት ለመሙላት ከሁሉ የምወደው መንገድ አስተማሪነት ነው። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ሰዓቱ ግን እየተከፈለ ይጠራቀማል፣ ሌላውን ማስተማርም ራስን ያስተምራል። የሌላውን ስሕተት በሁለት ሰከንድ ውስጥ አይቶ እጅን ወደ መሪው ማስጠጋትን የመሰለ ትምህርት የለም። ከዚህ ሌላ የአየር ላይ ፎቶግራፍ፣ የፓራሹት ዘላዮችን መጫን፣ ትንንሽ የጭነት በረራዎች አሉ። ለመብረር ገንዘብ ክፈሉ ከሚሉ ድርጅቶች ግን ትራቅ፤ ሠራተኛ ሆና ደንበኛ መሆን የለባትም።

ዘመኑም አይታመንም። ከመስከረም 2001ዱ ጥቃት በኋላ፣ ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ፣ በ2020ው ወረርሽኝ ጊዜ በእጃቸው ፈቃድ ይዘው ለዓመታት የጠበቁ ልጆች ነበሩ፤ ሁሉም ቁጥሩ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ቅጥሩ ተመልሶ መጥቷል፣ ነገር ግን ባንክ ቅጥሩ እስኪመለስ አይጠብቅም። ስለዚህ ብድር ከወሰዱ ክፍያው መቼ እንደሚጀምር፣ ሥራ ሳታገኝ ሁለት ዓመት ቢያልፍ በእርስዎ ገቢ ብቻ መክፈል ይቻል እንደሆነ ያስሉ። ካልተቻለ ቤቱን አያስይዙ። ከዚያ በፊት ወጪውን ራሳቸው ሸፍነው የሚያሠለጥኑ አየር መንገዶች ማስታወቂያ ሲያወጡ ሳትታክት ታመልክት፤ ለተወሰኑ ዓመታት የማገልገል ግዴታ ያስፈርማሉ፣ ቢሆንም ከቤት ዕዳ የቀለለ ግዴታ ነው። ፉክክሩ ጠንካራ ስለሆነ ሒሳብ፣ ፊዚክስና እንግሊዝኛ ላይ ከአሁኑ ትበርታ። የእንግሊዝኛ ደረጃዋ በዓለም አቀፉ የአብራሪዎች እንግሊዝኛ መለኪያ ቢያንስ ደረጃ 4 ካልሆነ ዓለም አቀፍ በረራ አይፈቀድላትም።

ትምህርት ቤቱን ስትጎበኙ በዕረፍት ሰዓት ከተማሪዎቹ ጋር ብቻዋን ትነጋገር። ከፈቃድ ፈተና በፊት በአማካይ ስንት ሰዓት እንደፈጁ፣ አውሮፕላን በብልሽት ምክንያት ስንት ጊዜ እንደቀረባቸው፣ አስተማሪ በየስንት ወሩ እንደሚቀያየርባቸው ትጠይቃቸው። የውሉን ግልባጭ ስሞቹን ሸፍነው እዚህ ቢለጥፉልን እኔም ሌሎች አባላትም አንብበን የሚያሠጋውን አንቀጽ እናሳይዎታለን።