አንዲት አንባቢ እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች፦ «የስኳር በሽታ አለብኝ። የበሬ ሥጋ ኢምፓናዳ አንዱ ስንት ካሎሪ አለው? ሥጋ ስለሆነ ከ150 አይበልጥም።»

ኢምፓናዳ እንደ ሳምቡሳ ሥጋ በሊጥ ተጠቅልሎ የሚሠራ የላቲን አሜሪካ ምግብ ነው። በኦቨን የተጋገረ መካከለኛ የበሬ ሥጋ ኢምፓናዳ ወደ 360 ካሎሪ ነው። ሁለት ከበላሽ 720 ብለሽ መዝግቢ። «ሥጋ ስለሆነ ከ150 አይበልጥም» ያልሽው የውስጡን ብቻ ቆጥረሽ ነው። ዋናው ካሎሪ ያለው ሊጡ ውስጥ ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው፦

1. ሊጡ፦ 40 ግራም ዱቄት 145 ገደማ። አብሮ የሚታሸው 10 ግራም ስብ ደግሞ 90።
2. የውስጡ፦ 50 ግራም የበሰለ የተፈጨ ሥጋ 125 ገደማ። ሽንኩርቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አርጀንቲናዎች ግን የተቀቀለ እንቁላልና ወይራ ይጨምሩበታል፤ ካለው እሱንም ደምሪ።
3. እንደ ሳምቡሳ በዘይት የተጠበሰ ከሆነ፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ነው። ግማሹን እንኳ ቢመጥ 60 ጨምሪ።

ፕሮቲኑ ወደ 17 ግራም ይደርሳል፣ ጥሩ ነው። ካርቦሃይድሬቱ ግን 30 ግራም አካባቢ ነው። ስኳር እንዳለብሽ ስለጻፍሽ ከካሎሪው ይልቅ ይሄን ቁጥር ተከታተይ። አንዱን ከሰላጣ ጋር ብትበዪ ይሻላል፤ ከሩዝ ጋር አትደርቢው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። የሊጡ ስብ ምን እንደሆነ ጠይቂ። አርጀንቲና ውስጥ ብዙ ጊዜ የበሬ ሞራ ነው፤ ሌላ ቦታ የአሳማ ስብ የሚጠቀሙ አሉ። እኔ «የበሬ» የሚለውን አይቼ ብዙ ወር ከበላሁ በኋላ ነው የአሳማ ስብ እንዳለበት ማሸጊያው ጀርባ ላይ ያነበብኩት። በጣም አዝኜ ነበር። አሳማ የማትበዪ ከሆነ ሳትጠይቂ አትግዢ።