ልጄ በኤሌክትሪክ ሞተር ሰው ቢገጭ የሚጠየቀው ማነው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ባለቤታቸው ካረፈ ወዲህ የ16 ዓመት ልጃቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ እናት ናቸው። የልጁ አጎት ኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል በራሱ ስም ገዝቶ ሰጠው። ሻጩም «ይሄ ቻርጅ የሚደረግ ነው፣ መንጃ ፈቃድም ታርጋም አይፈልግም» አላቸው። ልጁ ትምህርት ቤት የሚመላለሰው በዚሁ ነው፤ ለጓደኞቹም ያውሳል። ሰው ቢገጭ ማን ይጠየቃል?

እህቴ፣ መጀመሪያ ቁልፉን ይቀበሉት። ሌላውን ቀስ ብለን እናያለን።

ሻጩ የነገራችሁ ልክ አይደለም። የትራንስፖርት ሕጋችን ባለሞተር ተሽከርካሪ ሲል በነዳጅ የሚሄደውን ብቻ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ኃይል የሚንቀሳቀሰውንም ይጨምራል። ጭስ የለውም፣ ድምፁም አይሰማም፣ ግን ሞተር ነው። ሞተር ሳይክል የሚነዳ ሰው መንጃ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 መሠረት ደግሞ 18 ዓመት ያልሞላው ሰው ፈቃዱን ማውጣት አይችልም። ልጅዎ የቱንም ያህል ጎበዝ ነጂ ቢሆን ይህን አይቀይረውም። ከተሞችም የራሳቸውን ገደብ ይጨምራሉ። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም ሰኔ መጨረሻ ሞተር ሳይክል ላይ ያደረገችውን ክልከላ ያስታውሱ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ካሳው እንምጣ። ብዙ ቤተሰብ የሚደነግጠው እዚህ ጋ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 የማሽንና የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት፣ ተሽከርካሪው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ። «እኔ ቤቴ ተቀምጬ ነበር፣ ምን አጠፋሁ?» የሚለው መልስ አያድንም፣ ምክንያቱም ይህ ኃላፊነት ጥፋትን አይጠይቅም። ባለቤቱ ሙሉ በሙሉ ነፃ የሚወጣው ተሽከርካሪው ተሰርቆ እንደነበረ ካስረዳ ነው፤ ቁልፉን በገዛ እጁ የሰጠ ሰው ደግሞ ተሰረቅሁ ሊል አይችልም። ጉዳቱ በተጎጂው በራሱ ጥፋት ከደረሰም ኃላፊነቱ ሊቀር ወይም ሊቀንስ ይችላል። እንግዲህ የመጀመሪያው ተጠያቂ አጎቱ ነው። በፍቅር የሰጠው ስጦታ ቤቱን ሊያሸጠው እንደሚችል የነገረው ሰው ያለ አይመስለኝም፤ እባክዎ እርስዎ ይንገሩት። ልጁ ለጓደኛው አውሶ ጓደኛው ቢገጭም ያው ነው።

እርስዎም አይቀርልዎትም። ቁጥር 2124 አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ለሚያደርሰው ጉዳት አባቱን ኃላፊ ያደርጋል፤ አባት ከሌለና ልጁ በእናት እጅ ከሆነ በቁጥር 2125 መሠረት ኃላፊነቱ ወደ እናት ይመጣል። ተጎጂው ልጁንም፣ እርስዎንም፣ አጎቱንም አንድ ላይ ሊከስ ይችላል። ለዚህም በመርህ ደረጃ ሁለት ዓመት አለው፣ ነገሩ ወንጀልም ከሆነ ጊዜው ሊረዝም ይችላል። ኢንሹራንስ ይከፍላል ብላችሁም አትጽናኑ። የሦስተኛ ወገን መድን፣ ማለትም በተሽከርካሪው ለተጎዳ ሌላ ሰው የሚከፍለው ኢንሹራንስ፣ ግዴታ ነው፣ ነገር ግን የኢንሹራንስ ውሎች አብዛኛውን ጊዜ መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው ሲነዳ የደረሰን ጉዳት አይሸፍኑም።

ወንጀሉ ግን ሌላ ነው። በካሳ እርስዎ ሊተኩለት ይችላሉ፣ በእስር ግን አይተኩለትም። የወንጀል ሕጉ ከ9 ዓመት በታች ያለን ሕፃን ተጠያቂ አያደርግም፤ ከ9 እስከ 15 ላሉት የተለየ እርምጃ አለው። ከ15 በላይ ከ18 በታች ሲሆን ግን፣ ልጅዎ ያለበት ዕድሜ ማለት ነው፣ መደበኛው የወንጀል ድንጋጌ ይሠራበታል፤ ፍርድ ቤቱ ግን ዕድሜውንና ሁኔታውን አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት፣ ወይም ለታናናሾቹ ከተደነገጉት የተለዩ ቅጣቶች አንዱን ሊወስንበት ይችላል። በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስ በአንቀጽ 559፣ ሰው መግደል በአንቀጽ 543 ያስጠይቃል። የ543 ንዑስ አንቀጽ 3 ግልጽ የሆነን ደንብ አውቆ የጣሰን ሰው ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፣ ያለ መንጃ ፈቃድ መንዳትን ይዞ ዐቃቤ ሕግ ወደዚህ ሊሄድ ይችላል። ይህን የምጽፈው ላስፈራራዎት አይደለም፤ ልጅዎ ይህንን ቁጥር አያውቀውም፣ ቁጭ አድርገው ያንብቡለት።

አይበለውና አደጋ ቢደርስ እንዳይሸሽ አጥብቀው ይንገሩት። የጎዱትን ሰው ጥሎ መሄድ በአንቀጽ 575 ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ተጎጂውን ወደ ሕክምና ማድረስ፣ ፖሊስ መጥራት፣ ሞተሩን ከቦታው አለማንቀሳቀስ። ቤተሰብ በድንጋጤ የሚሠራውን አንድ ነገርም ልጥቀስ፤ አጎት ወይም ታላቅ ወንድም «የነዳሁት እኔ ነኝ» ብሎ ይቀርባል። ፍትሕን ማሳሳት ነው፤ አንዱን ተከሳሽ ሁለት ያደርጋል። በሽማግሌ መታረቅ ግን ጥሩ ነው፣ ካሳው ላይ ተስማምታችሁ በጽሑፍ በምስክር ፊት ጨርሱት። ሞት ወይም ከባድ ጉዳት ካለ እርቁ የወንጀሉን ክስ አያስቀርም፣ በቅጣቱ ላይ ግን ዋጋ አለው።

ሞተሩ አጎቱ ቤት ይመለስ። መንጃ ፈቃድ ካለው ታርጋና መድን አውጥቶ ራሱ ይንዳው፣ ከሌለው ይሽጠው። ልጁ 18 ሲሞላው ማሠልጠኛ ይግባ። እስከዚያ ትምህርት ቤት በታክሲም በእግርም ይደረሳል፤ ቢያኮርፍ ደግሞ ያኩርፍ።