የጋራዥ በር ስፕሪንግ ማለቁ በምን ይታወቃል? አዲስ ሞተር ከመግዛትሽ በፊት ይህን አንብቢ

ሰላም እህታችን፣ ሰላም ለሁላችሁም። ጥያቄውን ላላያችሁት ባጭሩ፦ የጋራዥ በሯ ከሰሞኑ ሲከፈት ያቃስት ነበር፣ ዛሬ ጠዋት ደግሞ አንድ ስንዝር ያህል ተነሳና ቆመ። አንዱ ሰው ሞተሩ ተቃጥሏል፣ አዲስ ግዢ አላት። ሌላው ስፕሪንግ ነው አላት። ማንን ልመን ብላ ነው የጠየቀችው። እኔ እዚህ አሜሪካ ዴንቨርና ኦሮራ አካባቢ የጋራዥ በር ጥገና ለዓመታት ስለሠራሁ ረዘም አድርጌ ልመልስ፣ ብርዱም እየመጣ ስለሆነ ለሌሎቻችሁም ይጠቅማል።

እህቴ፣ ሞተሩን ለጊዜው አትግዢ። በሩን የሚሸከመው ሞተሩ አይደለም፣ ስፕሪንጉ ነው። ሁለት መኪና የሚያስገባ የብረት በር እንደ አሠራሩ ከ150 እስከ 250 ፓውንድ ይመዝናል፣ እንጨት ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይከብዳል። ስፕሪንጉ ደህና ከሆነ ግን ያንን ሁሉ በአንድ እጅሽ ታነሺዋለሽ። ሞተሩ ሳብ ገፋ ከማድረግ ያለፈ ሥራ የለውም። ችግሩ ስፕሪንጉ እየደከመ ሲሄድ ሞተሩ ሸክሙን ዝም ብሎ ይወስድለታል። አንቺ ሪሞቱን ትጫኛለሽ፣ በሩ ይከፈታል፣ ሁሉም ሰላም ይመስልሻል፣ በዚህ መሀል ግን ሞተሩ ውስጥ ያለው የፕላስቲክ ጥርስ እየተበላ ነው። ስለዚህ የስፕሪንግ ጤና በሪሞት አይታወቅም። በዓይንና በእጅ ነው የሚታወቀው።

መጀመሪያ በዓይን። በሩ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ከውስጥ ሁኚና ከበሩ በላይ ያለውን ዘንግ በስልክሽ መብራት ከዳር እስከ ዳር እዪው። ስፕሪንጉ እዚያ ዘንግ ላይ ተጠምጥሟል፣ ቀለበቶቹ ተጠጋግተው ሳይቋረጡ መሄድ አለባቸው። መሀል ላይ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካየሽ ተሰብሯል፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። ሪሞቱንም እንዳትነኪው፣ ከዚያ በኋላ የምትጫኝው እያንዳንዱ ጊዜ ሞተሩን ነው የሚገድልሽ።

ክፍተት ከሌለ በእጅ ነው። አሁንም በሩ ተዘግቶ እያለ ከሞተሩ ሀዲድ ላይ የተንጠለጠለችውን ቀይ ገመድ ሳቢያት፣ በሩ ከሞተሩ ይላቀቃል። ከዚያ እጀታውን ይዘሽ ቀስ እያልሽ እስከ ደረትሽ ድረስ አንሺውና እጅሽን ሳታርቂ ለቀቅ አድርጊው። እግርሽ ከስር እንዳይሆን። ባለበት ከቆመ ወይም ትንሽ ብቻ ከተንቀሳቀሰ ደህና ነው። ቁልቁል ከሄደ ስፕሪንጉ ደክሟል። ወደ ላይ ከሸሸ ደግሞ ከልኩ በላይ ተጠምዝዟል፣ እሱም መስተካከል አለበት። ጨርሶ ማንሳት ካቃተሽ አትታገዪው፣ መልሱን አግኝተሻል።

አደራ የምለው አንድ ነገር፦ በሩ ክፍት ሆኖ ቀይዋን ገመድ እንዳትስቢ። ስፕሪንጉ ተሰብሮ ከሆነ ይዞት የነበረው ሞተሩ ብቻ ነው፣ ገመዷን ስትስቢ ያ ሁሉ ክብደት ባንዴ ይወርዳል። ልጆች ደግሞ ያቺን ገመድ ይወዷታል፣ ንገሯቸው።

ባለፈው ብርድ አንድ ኤርፖርት የሚሠሩ ጋሼ ጠሩኝ። አዲስ ሞተር ገዝተው ካርቶኑ ሳይከፈት ግድግዳ ጥግ ተቀምጧል፣ እኔን የፈለጉኝ እንድገጥምላቸው ነው። መጀመሪያ በሩን ልየው አልኩና መብራቴን ወደ ላይ አበራሁ። ሁለት ስፕሪንግ አለ፣ የቀኙ ሙሉ ነው፣ የግራው ግን መሀሉ ላይ ተቆርጦ ጫፎቹ ተራርቀዋል፣ ከስሩ በበሩ የላይኛው ጠርዝ ላይ ቡናማ የዝገት ብናኝ ተበትኗል። "ሌሊት ድምፅ ሰምተዋል?" አልኳቸው። "አዎ፣ ከባድ ነገር የወደቀ መስሎኝ ወጥቼ አይቼ ነበር" አሉኝ። አሮጌው ሞተር ምንም አልሆነም ነበር። ሁለቱን ስፕሪንግ ቀየርን፣ ካርቶኑን በደረሰኙ መለሱት።

ያ ድምፅ እንግዳ ነገር አይደለም። ስፕሪንግ በጣም የሚወጠረው በሩ ሲዘጋ ነው፣ ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ሁሉም ሰው ተኝቶ እያለ ወይም ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ስትከፍቺው ነው። የደከመ ብረት ላይ ብርድ ሲጨመርበት ደግሞ ጨርሶ አይችልም። የመጀመሪያው ከባድ ብርድ በመጣ ማግስት ስልኬ ከጠዋት ጀምሮ የሚጮኸው ለዚህ ነው።

ከመሰበሩ በፊትስ? በሩ እንደ ድሮው አይዘጋም፣ መጨረሻ ላይ መሬቱን ይመታዋል። ሲከፈት ይንቀጠቀጣል፣ ወይም አንዱ ጎን ቀድሞ ይነሳና ይንጋደዳል። በሁለቱ ዳር ካሉት የብረት ኬብሎች አንዱ ላላ ብሎ ካየሽ ነገሩ ቀርቧል። እንደ አንቺ በር ማቃሰት ብቻውን ግን ዘይት ማጣትም ሊሆን ይችላል።

ሰዎች ሁሌ "ስንት ዓመት ይቆያል?" ይሉኛል። በዓመት ባትቆጥሩት ይሻላል። የተለመደው ስፕሪንግ የሚሠራው ለ10,000 ጊዜ ነው፣ አንዴ ተከፍቶ ሲዘጋ አንድ ይቆጠራል። በቀን 4 ጊዜ ብትጠቀሚበት ወደ 7 ዓመት ይጠጋል። የእኛ ሰው ቤት ግን ጋራዡ ዋናው በር ነው። አባት ገና ሳይነጋ ለኡበር ይወጣል፣ እናት ለሥራ፣ ልጆች ለትምህርት ቤት፣ ከዚያ ሁሉም በየሰዓቱ ይመለሳል። በቀን 8 ጊዜ ከሆነ ሦስት ዓመት ተኩል አይሞላም። ቤቱን ስትገዙ ስፕሪንጉ መቼ እንደተቀየረ ጠይቁ። ለብርዱ ብላችሁ በሩ ላይ ፎም ከለጠፋችሁ ደግሞ ክብደቱ ጨምሯል፣ ስፕሪንጉ የተመረጠው ግን ለድሮው ክብደት ነው።

የሁሉም በር ግን እንዲህ አይደለም። አንዳንዱ ስፕሪንጉ በሁለቱ ጎን፣ ከላይ ካለው አግድም ሀዲድ ጎን ለጎን ተወጥሮ ነው ያለው። እዚያ ላይ ክፍተት አትፈልጊ፣ ሲሳብ የተዘረጋ ስለሆነ ክፍተት ልማዱ ነው። ይልቅ በስፕሪንጉ መሀል ቀጭን የብረት ገመድ አልፎ እንደሆነ እዪ። ከሌለ ሲሰበር እየተወነጨፈ መኪናም ሰውም ይመታል፣ ዛሬውኑ ይደረግለት። እንደ ዌይን ዳልተን ኩባንያ ቶርክማስተር ያሉት በሮች ደግሞ ስፕሪንጉን ቱቦ ውስጥ ስለሚደብቁት በዓይን አይታይም፣ ለእነሱ የእጁ ሙከራ ነው ያለው።

በሩ እየከፈተ መዝጋት ብቻ እምቢ ካለ፣ ወርዶ ወርዶ መልሶ ከተነሳና መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ግን ስፕሪንግን አትክሰሱት። ከመሬት 6 ኢንች ያህል ከፍታ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ዓይኖች በጨርቅ ጥረጉ፣ ፊት ለፊት መተያየታቸውንም እዩ። አሜሪካ ውስጥ ከ1993 ወዲህ የተሠራ የቤት ጋራዥ ሞተር አብዛኛው አለው።

አሁን ከልቤ የምለው። ቪዲዮ አይታችሁ ራሳችሁ ለመቀየር አትሞክሩ። እኔ እጁን ስለሚችል ሰው እንቅፋት መሆን አልወድም፣ መኪናችሁን ፍቱ፣ ሲንካችሁን ግጠሙ። ይሄ ግን ሌላ ነው። ለ7 ጫማ በር ስፕሪንጉ ሰባት ዙር ተኩል ያህል ተጠምዝዞ ነው የሚቀመጠው፣ ሲፈታ የያዝሽውን ብረት ከእጅሽ ነጥቆ ፊትሽ ላይ ይመልሰዋል። በበሩ ታች ጥግ ላይ ኬብሉ የታሰረበትን ቁራጭ ብረትም ብሎኑን እንዳትነኩ፣ ሙሉ ውጥረቱ እዚያ ላይ ነው።

መኪናሽ ውስጥ ከቀረና የግድ መውጣት ካለብሽ፣ ሁለት ጠንካራ ሰዎች ጥሪ። በሩ ተዘግቶ እያለ ቀይዋን ገመድ ስበው፣ ግራና ቀኝ እኩል እያነሱ፣ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት በሁለቱም በኩል ከታችኛው ሮለር (ሀዲዱ ውስጥ ከሚሽከረከረው ትንሽ ጎማ) ስር ሀዲዱን በመቆለፊያ ፒንሳ ይያዙት። መኪናው ይውጣና በዝግታ ያውርዱት። ኬብሉ ከቦታው ከወጣ ግን ይቅር፣ ታክሲ ይሻላል።

ባለሙያ ስትጠሪ በርካሽ ቪዚት ማስታወቂያ እንዳትሳቢ። መጥተው ሮለሩም፣ ኬብሉም፣ ዘንጉም ካልተቀየረ የሚሉ አሉ፣ ሁለት ሦስት ቦታ ዋጋ ጠይቂ። ሁለት ስፕሪንግ ካለሽ ሁለቱም አብረው ይቀየሩ፣ እድሜያቸው አንድ ነውና ሁለተኛውም ቶሎ ይከተላል። በሩን መዝኖ የሚመርጥልሽ ሰው ጥሩ ሰው ነው። ለስንት ጊዜ የተሠራ ስፕሪንግ እንደሆነ ደረሰኙ ላይ ያስፍርልሽ፣ የ20,000 ወይም የ25,000 ትንሽ ጨምረሽ ብታስገቢ እንደናንተ ላለ ብዙ ሰው ለሚገባ ለሚወጣበት ቤት ያዋጣል። ተከራይ ከሆንሽ ደግሞ ከኪስሽ ከማውጣትሽ በፊት ለባለቤቱ በጽሑፍ አሳውቂ። ሠርቶ ሲጨርስ ገንዘቡን ከመስጠትሽ በፊት ሞተሩን አላቆ በሩን እደረቱ ላይ ለቀቅ አድርጎ ያሳይሽ። ካልቆመ አልጨረሰም።

ከዚያ በኋላ በዓመት ሁለቴ ለጋራዥ በር የተሠራ የሊትየም ወይም የሲሊኮን ስፕሬይ ስፕሪንጉ ላይ ንፉበት፣ ዝገቱን ያዘገየዋል።

አሁን እህቴ፣ በሩ እንደተዘጋ ዘንጉን ከዳር እስከ ዳር ፎቶ አንሺና እዚሁ ለጥፊው። ማታ ከሥራ ስወጣ አይቼ እነግርሻለሁ።