አሮጌው ሚኒ ላፕቶፕ ሰርቨር ይወጣዋል?

ጥያቄ፦ ለረጅም ጊዜ ሳይነካ የተቀመጠ ሚኒ ላፕቶፕ አለኝ። ፕሮሰሰሩ አቶም ኤን270፣ ራሙ 1 ጊጋ ነው፤ ባትሪው ግማሽ ሰዓት ያህል ይይዛል። የቤተሰቡን ፎቶና ፊልም ባለ 1 ቴራ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ሰብስቤ ሁሉም በየስልኩ በዋይፋይ እንዲያገኘው ፈልጌ ነበር። ይችላል? ፓኬጅስ አይበላብንም? (ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

መልስ፦ ፓኬጁ አይነካም። ፋይሉ ከሰርቨሩ (ፋይሉን ከሚያቀብለው ላፕቶፕ) ወደ ስልክ የሚሄደው እዚያው ቤት ውስጥ በራውተሩ በኩል ስለሆነ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ይሠራል። ፋይል ለማቀበል 1 ጊጋ ራም ይበቃል። ይህ ማሽን የማይችለው ፊልም እያጫወተ ፎርማት መቀየር ነው፤ ስለዚህ ጄሊፊንንና መሰሎቹን የፊልም ሰርቨር ፕሮግራሞች ይተዉና በየስልኩ ቪኤልሲ የተባለውን ማጫወቻ ጭነው ፊልሙን በቀጥታ ይክፈቱት።

ኤን270 ባለ 32 ቢት ብቻ በመሆኑ ዴቢያን 13 (የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) አይጫንበትም፤ ለ32 ቢት የተዘጋጀውን ዴቢያን 12 ይጠቀሙ። ሲጭኑ የዴስክቶፕ ምርጫዎችን ሁሉ ትተው ኤስኤስኤች ሰርቨርን (ማሽኑን ከሌላ ኮምፒውተር ለማዘዝ የሚያስችለውን) ብቻ ይምረጡ፣ ቀጥሎ ፎልደርን በኔትወርክ የሚያጋራውን ሳምባን ይጫኑ። ማሽኑን ከራውተሩ ጋር በኬብል ያገናኙት። በ100 ሜጋቢት ኬብል 4 ጊጋ ፊልም 6 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል፤ በራሱ አሮጌ ዋይፋይ ግን ግማሽ ሰዓት ሊጠጋ ይችላል። ራውተሩ ላይም ቋሚ አድራሻ ያስይዙለት፣ ለምሳሌ 192.168.1.50። አለዚያ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ አድራሻው ይቀየርና ቤተሰቡ «ሰርቨሩ ጠፋ» ይላል።

ብዙ ጣጣ የሚመጣው ከሃርድ ዲስኩ ነው። በኢኤክስቲ4 (የሊኑክስ የዲስክ አደረጃጀት) ፎርማት ያድርጉት (ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ መጀመሪያ ሌላ ቦታ ይገልብጡ)። ሲስተሙ ሲነሣ በራሱ እንዲያገናኘው ሲያዝዙ «ኖፌይል» (nofail) የሚለውን አማራጭ ይጨምሩ፤ ካልጨመሩ ዲስኩ ያልተሰካ ዕለት ማሽኑ 90 ሰከንድ ይጠብቅና ሳይነሣ ይቀራል። ሼር የሚያደርጉት ዲስኩን በሙሉ ሳይሆን በውስጡ የከፈቱትን ፎልደር ይሁን። ዲስኩ ሲነቀል ፎልደሩም አብሮ ስለሚጠፋ ሳምባ እምቢ ይላል። ዲስኩን በሙሉ ሼር ካደረጉት ግን ፎቶው ሳያውቁት ላፕቶፑ ውስጥ ይከማችና ትንሹን ዲስክ ይሞላዋል።

ዲስኩ ቀጭ ቀጭ እያለ ከተቋረጠ ኃይል አንሶታል ማለት ነው። የዩኤስቢ 2 መሰኪያ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ሲሆን ዲስኩ መሽከርከር ሲጀምር ከዚያ በላይ ሊፈልግ ይችላል። የራሱ አዳፕተር ያለውን ሀብ (የዩኤስቢ ማብዣ) አንመክርም፦ መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ እየሠራ ዲስኩ ብቻ ፋይል እየተጻፈበት ሳለ ይጠፋል። ሁለቱም ራሶቹ ላፕቶፑ ላይ የሚሰኩ ባለ ሁለት ራስ የዩኤስቢ ኬብል ይሻላል። ቻርጀሩ ከተቋረጠ ከ15 ደቂቃ በኋላ ማሽኑ ራሱን እንዲያጠፋ አጭር ስክሪፕት ይጻፉለት። መብራት ሲመለስ ግን አብዛኞቹ ላፕቶፖች በራሳቸው አይነሡም፤ ቁልፉን የሚጫን ሰው ያስፈልጋል።

የግንቦትና የሰኔ የድሬ ሙቀት ሌላው ጠላት ነው። ፋኑን ከአቧራ ያጽዱ፣ የኋላውን ጎን በሁለት የጠርሙስ ክዳን ከፍ ያድርጉት፤ ስክሪኑን አጥፍተው ክዳኑን ክፍት ይተዉት። ከስር ወይም ከመዳሰሻው በኩል ያበጠ ነገር ካዩ ባትሪውን ያኔውኑ ያውጡ።

ጥያቄ፦ ጀጎል ውስጥ የግንብ ቤታችን ግድግዳ ወፍራም በመሆኑ ዋይፋይ ሁለተኛው ክፍል አይደርስም። ሰርቨሩን ወደዚያ ባዛውረው? (ከሐረር)

መልስ፦ አይረዳዎትም፤ ሰርቨሩ ራውተሩ ጋ ይቀመጥ። ግድግዳ ሳይበሱ በመስኮት ጥግ ካት 5ኢ ኬብል አውጥተው (እስከ 100 ሜትር ይሄዳል፤ ፀሐይ የሚያገኘው ከሆነ ለውጭ የተሠራውን ይግዙ) በሌላው ክፍል አሮጌ ራውተር ይሰኩበት። ኬብሉ በላን (LAN) መሰኪያ ይግባ እንጂ በዋን (WAN) አይደለም። ለሁለተኛው ራውተር 192.168.1.2ን ይስጡትና ዲኤችሲፒውን (አድራሻ የሚያድለውን አገልግሎት) ያጥፉ፤ ሁለቱም አድራሻ ካደሉ ስልኩ ተገናኝቷል እያለ ኢንተርኔት አይከፍትም።